ከተረት ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት፦ በጅማ ለሚሠሩ አማተር የኪነት ቡድኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በትምህርት ቤት ክበብ፣ በወጣት ማዕከል ወይም በራሳቸው ተነሣሽነት ተሰባስበው ኪነት ለሚሠሩ ቡድኖች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአካባቢው አፋዊ ተረት ተነሥቶ አርባ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሙዚቃዊ ተውኔት እንዴት እንደሚደረስ በቅደም ተከተል ያሳያል። ለሥራው ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም፤ ጥሩ ጆሮ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ አንድ ደብተርና ከሁሉም በላይ ተረቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙና ሲናገሩ የኖሩ ሰዎች ፈቃድ ያስፈልጋሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ቡድኖች አንድ ተረት ይመርጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቃለ ተውኔቱን ይጽፋል፣ ከዚያም ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ዘፈን ያስገባሉ። እንዲህ የተሠራን ሥራ ለመፈተን ዘፈኖቹን ሁሉ አውጥቶ የቀረውን ማንበብ ይበቃል። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው የሚቀጥል ከሆነ የተደረሰው ዘፈን የገባበት ድራማ ነው። ሙዚቃዊ ተውኔት የሚባለው ዜማው ቢወገድ ታሪኩ መቀጠል የማይችልበት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው ዜማ ደግሞ የሚገኘው ተረቱ ከሚነገርበት መንገድ ነው። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ሲመልሱለት አውጪና ተቀባይ እዚያው ተፈጥረዋል። ጅቡ ሲናገር ድምፁ ሲጎረንን፣ ጦጣዋ ስትናገር ሲቀጥን፣ አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ሲደጋገምና አድማጩ በሦስተኛው ላይ ቀድሞ ሲለው፣ የሙዚቃው ግማሽ ተደርሶ አልቋል። የደራሲው ሥራ ይህን ሰምቶ ማውጣትና መድረክ እንዲችለው አድርጎ ማስፋት ነው።

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ አፍሪካውያን አሉ፤ ከእነርሱም መማር ይገባል። በጋና የአካን ሕዝብ ስለ ሸረሪቱ አናንሴ በሚያወራበት የተረት ምሽት፣ ከአድማጮች አንዱ በመሐል ተነሥቶ ከታሪኩ ጋር የሚሄድ ዘፈን የሚያወጣበት፣ ሌላውም የሚቀበልበት «ምቦጉዎ» የሚባል ልማድ አለ። ጋናዊቷ ጸሐፊ ተውኔት ኤፍዋ ሰዘርላንድ ይህን ልማድ እንዳለ አንሥታ የመድረክ ሥራዋ መዋቅር አደረገችው። በናይጄሪያ ደግሞ ዱሮ ላዲፖ የኦዮውን ንጉሥ የሻንጎን ታሪክ «ኦባ ኮሶ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለመድረክ ሲያበቃ፣ የዮሩባን የውዳሴ ግጥምና ከበሮ የተውኔቱ ቋንቋ አድርጎ ተጠቀመባቸው። ዮሩባ የድምፅ መውጣትና መውረድ ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ በመሆኑ ከበሮው ቃል ሊናገር ይችላል። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ እንዲህ ስላልሆኑ የእነርሱን ከበሮ አምጥተን መድረክ ላይ ብናስቀምጥ የሚናገርልን ነገር አይኖርም። ከሁለቱም ደራሲዎች የምንወስደው፣ ለመድረክ የሚሆነውን ቅርጽ ከገዛ አገራቸው የተረት አነጋገርና የውዳሴ ልማድ የፈለጉበትን መንገድ ነው።

ተረቱን መምረጥና መስማት

ለመጀመሪያ ሥራ ታሪክ ሳይሆን ተረት እንዲመረጥ አጥብቄ እመክራለሁ። በጅማ ያለ ቡድን ወዲያው የሚያስበው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ዘመን ወይም ቡናን አገኘ የሚባለውን እረኛ ነው። የመጀመሪያው በሕይወት ያሉ ዘመዶችና የሚያከራክሩ ምንጮች ያሉት ስለሆነ ከዜማ በፊት ረጅም ጥናት ይጠይቃል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያና በቱሪስት ጽሑፍ ከመደጋገሙ የተነሣ የተረት ነጋሪው አንደበት ጠፍቶበታል፤ አሳጥረው የሚነግሩን ብዙዎች ናቸው፣ እንደ ተረት የሚያወሩልን ግን ጥቂት ናቸው።

ተረቱ በእርግጥ ከሚነገርበት ቤት ሄዶ መስማት ግድ ነው። የጅማ ቡድን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚተርቱ ሽማግሌዎችና እናቶች በየመንደሩ አሉ፣ ከከተማዋ ሳይወጡም የዳውሮ፣ የየም እና የከፋ ተወላጆችን ማግኘት ይቻላል። ተረት በቀን አይወራም የሚባልበት ቤት ብዙ ስለሆነ ቀጠሮው ከመሸ በኋላ፣ ቡና ከተጠጣና ሥራ ካበቃ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ተረት ነጋሪውን «ኦቦ»፣ «አዴ»፣ «አባባ» ወይም «እማማ» ብሎ እንደ ቤቱ ወግ ማክበር፣ የመጡበትን ጉዳይም ስልኩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መግለጽ ተገቢ ነው። ድምፃቸው እንደሚቀዳ፣ የቀዳነውን ለምን እንደምንጠቀምበት፣ ስማቸው በመድረክ እንዲጠራ ይፈልጉ እንደሆነና ትርኢቱ ገቢ ካስገኘ ድርሻቸው ምን እንደሚሆን በዚያው ሰዓት ይነገራቸው።

ሲቀዳ ስልኩ ጥሪ እንዳይቀበል ይደረግ፤ ሲኒና ረከቦት ካለበት ጠረጴዛ ርቆ፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም ጨርቅ ላይ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ይቀመጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ልጆች በአጠገብ እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ለጠያቂ ወጣት ብቻ የሚነገር ተረት ወዲያው ወደ ማጠቃለያ ይለወጣል፤ ልጆች ባሉበት ሲነገር ግን ድግግሞሹ፣ የእንስሳቱ ድምፅ፣ ጭብጨባውና የልጆቹ ምላሽ ሁሉ ይመጣል። የምንፈልገውም እርሱን ነው። ከተቻለ ያንኑ ተረት በሌላ ቀን ከሌላ ሰው መስማት ይገባል፤ ሁለቱም የማያስቀሩት ሐረግ የተረቱ ምሰሶ መሆኑ በዚያ ይታወቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠበቅ። መንዙማ፣ የአቴቴ ሥርዓት ዜማ፣ የጸሎትና የለቅሶ ዜማ ባለቤት ያላቸው፣ ጊዜና ቦታ የተወሰነላቸው ነገሮች ናቸው። ሲሰሙ ቢማርኩም ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ወደ መድረክ አይምጡ።

የሦስት ዓምድ ጽሑፍ

ድምፁ ከተቀዳ በኋላ በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመርና ተረቱ ይገለበጥ። በመጀመሪያው ዓምድ የተባለው ቃል እንዳለ ይጻፋል፤ በሁለተኛው እንዴት እንደተባለ፣ ማለትም ፈጠነ ወይስ ዘገየ፣ ድምፁ ወጣ ወይስ ወረደ፣ ተዘፈነ ወይስ ተነገረ የሚለው ይመዘገባል፤ በሦስተኛው ደግሞ አድማጮቹ ያደረጉት ይሰፍራል፤ ሳቁ፣ መለሱ፣ ዝም አሉ፣ አጨበጨቡ። ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ብዙ ቡድኖች የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ይጽፉና ይተዉታል፤ ያን ጊዜ እጃቸው ላይ የሚቀረው ቃል ብቻ ይሆናል። የተውኔቱ ሙዚቃ የሚወጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዓምድ ስለሆነ፣ ለዚህ ደረጃ ከልምምዱ ያላነሰ ጊዜ ቢሰጠው አይቆጭም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በምሳሌ ለማስረዳት በብዙ የአገራችን አካባቢዎች በልዩ ልዩ መልኩ የሚነገረውን የአንበሳውንና የጅቡን ተረት እወስዳለሁ። አንበሳ በሬ አለው፣ ጅብ ላም አለችው፤ አብረው ያሰማራሉ። ላሟ በሌሊት ትወልዳለች። አንበሳ ጥጃውን አይቶ ይመኘውና «የወለደው የእኔ በሬ ነው» ይላል። ጅብ ሸንጎ ይጠራል። የዱር አራዊት ሁሉ ይሰበሰባሉ፤ እውነቱን እያወቁ አንበሳን ፈርተው ተራ በተራ «አዎን፣ በሬው ነው የወለደው» ብለው ይፈርዳሉ። እመት ጦጢት ዘግይታ ትደርሳለች፤ ተቀምጣም አንድ ድንጋይ እንደ ክራር ትደረድራለች። አንበሳ ተቆጥቶ «ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዜማ አወጣ?» ሲላት «በሬ በወለደበት አገር ድንጋይ ቢዘፍን ምን ይገርማል?» ብላ ትመልሳለች። ሸንጎው በሳቅ ይፈርሳል፣ ጥጃውም ወደ እናቱ ይመለሳል። «በሬ ወለደ» የሚለው አባባል በአፋችን ያለ ስለሆነ ተመልካቹ ጨዋታውን ገና ከመጀመሪያው ይይዘዋል።

ማን ይናገር፣ ማን ይዝፈን?

በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ የተረቱ ክፍል ከሦስት ዓይነት አነጋገር በአንዱ ይመደባል፤ በተራ ንግግር፣ ንግግርና ዜማ በተቀላቀሉበት አነጋገር፣ በሙሉ ዘፈን። መካከለኛውን ዓይነት ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም። በድሮው የአገራችን የችሎት ሥርዓት ተሟጋቾች በትር ይዘው፣ እየተንጎራደዱ፣ ቤት በሚመታ ቃል የሚከራከሩበት የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ነበር። ግማሽ ንግግርና ግማሽ ዜማ የሆነ፣ አካልን ሁሉ የሚጠቀም አነጋገር ነው። ለዚህ ተረት ሸንጎ ደግሞ በልኩ የተሰፋ ይመስላል፤ ጅቡና አንበሳው ሙግታቸውን በዚህ ስልት ቢያካሂዱ፣ ከበሮው በየሐረጉ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመታ፣ ትዕይንቱ ሌላ አጃቢ አይፈልግም።

አንበሳው ሲገባ ፉከራ ይስማማዋል። ቡድኑ ተረቱን በአፋን ኦሮሞ ሰምቶ ከሆነ ጌረርሳን ሊያስብ ይችላል፤ ነገር ግን ጌረርሳ የራሱ ሥርዓት ያለው፣ ሰው ጀግንነቱንና የሕይወቱን ውጣ ውረድ የሚያወራበት ትልቅ ቅርጽ ስለሆነ፣ ባሕሉን የሚያውቅ ሰው በልምምድ ሳይገኝና ለሐሰተኛ አንበሳ አፍ መዋሉን ሳይስማማበት አይነካ። ፈሪዎቹ ዳኞች በሙሉ ዘፈን ይፍረዱ። አንድ ዓይነት ፍርድ በአንድ ዓይነት ዜማ ተራ በተራ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያው በሙሉ ድምፅ፣ ተከታዮቹ እየቀነሱ፣ የመጨረሻው በሹክሹክታ ሲል፣ ፍርሃቱ ያለ አንዲት የማብራሪያ ቃል ይታያል። ዜማው ከተወገደ ታሪኩ መቀጠል አይችልም ያልነው ይህን ነው።

ላሟ ቃል የላትም። በሌሊቱ ትዕይንት አንዲት ሴት ድምፃዊት አፏን ዘግታ በማንጎራጎር ብቻ ብታምጥ፣ ያው ማንጎራጎር ሸንጎው ሲፈርድ ከኋላ ቢሰማ፣ ተመልካቹ እውነቱን በጆሮው ይዞ ይቀመጣል።

የጦጢት ድንጋይ የሥራው ሁሉ ማዕከል ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። በተውኔቱ ውስጥ የሚታየው ብቸኛ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ የማያወጣው ድንጋይ እንዲሆን፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ ከመድረኩ ጎን ወይም ከመጋረጃ ኋላ ይቀመጡ። ጦጢት ስትደረድር ሁሉም መሣሪያ ዝም ይበል፤ ጣቶቿ በድንጋዩ ላይ በትክክለኛ ምት ይንቀሳቀሱ፣ ተዋናይዋም የምትደረድረውን ዜማ በልቧ እየዘፈነች ትሥራው። ይህ ምት ቀደም ሲል ዳኞቹ የዘፈኑት ዜማ ምት ቢሆን፣ ተመልካቹ ያልተሰማውን ዜማ ራሱ ይሞላዋል። ኪቦርድ ተጫዋቾች ዝምታ ሲረዝም መሙላት ይወዳሉ፤ በዚህ ቦታ አንድ ድምፅ እንኳ ቢገባ የተረቱ ፍርድ ይበላሻል። ዝምታው ምን ያህል እንደሚቆይ በልምምድ ይወሰን፤ ከሚመቸን ትንሽ ቢረዝም ትክክለኛው ነው።

ግጥሙ

ግጥም ሲጻፍ የቤት ልክ እንደ ተናጋሪው ይመረጥ። ልኩ የሚቆጠረው በቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚባል የቃል ድምፅ ክፍል ነው። በአማርኛ ሦስቱ ዋና ዋና ልኮች ለመድረክ በቂ ናቸው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈለው የወል ቤት ለትረካ ይመቻል፤ አምስት አምስት ቀለም ያለው ሰንጎ መገን ቆፍጠን ስለሚል ለፉከራና ለሙግት ይሄዳል፤ አራት አራት ቀለም ያለው ቡሄ በሉ ደግሞ ሕዝብ ወዲያው ይቀበለዋል። ለዚሁ ተረት ተራኪዋ በወል ቤት እንዲህ ልትል ትችላለች፦

ላሟ ስታምጥ አድራ፣ ጎህ ሲቀድ ወለደች፤
ልጇን ልሳ ልሳ፣ በእግሩ አራመደች።

አንበሳው በሰንጎ መገን ይግባ፦

የዱሩ ጌታ፣ የጫካው አባት፤
በሬዬ ወልዷል፣ ማን ይሁን እናት?

ዳኞቹና ሕዝቡ የሚቀባበሉት ደግሞ በቡሄ በሉ ልክ ይሁን፦

ማን አማጠ፣ ማን አማጠች?
በሬ ወልዶ፣ ላም ሣር ጋጠች።

ይህን የመጨረሻውን ተመልካቹ ሁለት ጊዜ ከሰማው ሦስተኛውን ሳይጠየቅ ይዘፍነዋል፤ ስለዚህ በሥራው መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይሰማ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ተረቱ የተሰማው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ተውኔቱ በአማርኛ ከሆነ፣ የመክፈቻው ሐረግ፣ የአድማጮች ምላሽና የሚደጋገመው አዝማች በተሰሙበት ቋንቋ ይቆዩ። የጅማ ተመልካች በአንድ ምሽት ሁለቱንም ቋንቋ መስማት የኖረበት ነገር ስለሆነ አይቸገርም። ተተርጉሞ ልኩ የተዛባ አዝማች ግን ማንም አይቀበለውም።

ዜማው

ዜማ ሲወጣ ከመሣሪያ አይጀመር። በመጀመሪያ ተዋናዩ ስንኙን በገጸ ባሕርይው ስሜት ደጋግሞ ይናገረውና ይቀዳ። የትኛው ቃል ላይ ድምፁ እንደወጣ፣ የት እንደወረደ፣ የት እንደቸኮለ ይሰማና ዜማው ያንን መንገድ ይከተል። በተለይ መጥበቅና መላላት ይጠበቁ፤ «ዳኛው አለ» የሚለው ሐረግ «ለ» ሲላላ ዳኛው ተናገረ ማለት ሲሆን ሲጠብቅ ዳኛው በቦታው አለ ማለት ስለሆነ፣ ከሚጠብቀው ፊደል በፊት ያለውን ድምፅ የሚያስረዝም ዜማ የሸንጎውን ነገር ያገላብጠዋል። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢ ርዝመት ቃል ይለውጣል፤ መሬትን ከለስላሳ የሚለየው ርዝመቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አጭሩን አናባቢ በዜማ መጎተት አይፈቀድም።

ቅኝትን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን ድምፆች ስብስብ በሚመለከት፣ ከተረት ነጋሪው የተቀዳ የተዘፈነ ሐረግ ካለ፣ በቅድሚያ የእርሱ ድምፆች በክራር ወይም በኪቦርድ ይፈለጉና ቀሪው ዜማ ከእነርሱ ይሠራ። የተገኘውን ሁሉ በአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ስም ለመሰየም መጣደፍ አያስፈልግም። የተቀዳ ዜማ ከሌለ ግን ቅኝቶቹ ጥሩ መነሻ ናቸው። ትዝታ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ለሕዝቡ አዝማችና ለተራኪዋ የተረጋጋ መሬት ይሆናል። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሶል እና ላ የያዘ በመሆኑ ጆሮን እረፍት ይነሣዋል። ዳኞቹ ተመልካቹ በትዝታ የሚያውቀውን አዝማች ወደ አንቺ ሆዬ አዛውረው ሲዘፍኑት፣ ቃሉ ያው ሆኖ ፍርዱ መጣመሙ በዜማው ይታወቃል። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ የቅኝት ለውጥ ይበቃል፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይ የየራሱ ቅኝት ይኑረው ሲባል አማተር ዘማሪዎች መነሻ ድምፃቸውን ያጣሉ። የድምፅ ስፋቱም ከአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ካለው ርቀት አይለፍ፣ ሕዝቡ የሚቀበለውም ከአምስት ወይም ከስድስት ድምፅ ባይበልጥ ይሻላል።

መሣሪያዎች

አንድ ከበሮ፣ አንድ ክራር ወይም ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንትና የሰው እጅ ጭብጨባ ይበቃሉ። ኪቦርድ የግድ ከተፈለገ ክራሩና ዋሽንቱ ከእርሱ ጋር መስማማታቸው ከልምምዱ በፊት ይረጋገጥ። በቡድኑ ውስጥ የዳውሮ ተወላጆች ካሉና በቡድን የሚነፋውን ረጅሙን የዳውሮ የትንፋሽ መሣሪያ ድንካን የሚያውቁ ከሆነ፣ በምን ጊዜ እንደሚነፋ ከእነርሱ ተጠይቆ ለአንበሳው አገባብ ሊታሰብ ይችላል። ርዝመቱ ቦታ ስለሚፈልግ መድረኩ አስቀድሞ ይለካ። ለማድመቂያ ብቻ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል።

ልምምድና መድረክ

ልምምዱ ቁጭ ተብሎ ይጀመር። ቡድኑ ተረቱን በክብ ተቀምጦ፣ ያለ መድረክ፣ እንደ ተረት ምሽት ደጋግሞ ይንገረው፤ ዜማዎቹ በየቦታቸው ይግቡ፤ ምን እንደሚጎትት ያን ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሡ። ተቀባዮቹ በአንድ ረድፍ ከኋላ ከሚቆሙ ይልቅ ግማሾቹ በተመልካቹ መሐል ተበትነው ቢቀመጡ የአዝማቹ ምላሽ ከአዳራሹ ሁሉ ይነሣል፤ ተመልካቹም አብሮ ለመዝፈን ድፍረት ያገኛል። መቀመጫው ከተቻለ በግማሽ ክብ ይደርደር።

አልባሳትን በሚመለከት የእንስሳ ቆዳና የወረቀት ጭንብል አይፈለጉም። የጅቡ አረማመድ፣ የአንበሳው አንገትና የጦጢት እጅ ይበቃሉ። አንበሳው በአካባቢያችን አናጺዎች በሚሠራ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ ታየ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዘመናዊው ቲያትራችን የተጀመረበት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ሊታወስ ይገባል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው ይህ ሥራ በእንስሳት ተረት አማካይነት የዘመኑን አስተዳደር በመተቸቱ ታግዷል። የእንስሳ ተረት ብዙ ነገር የመሸከም ኃይል አለው፤ የሚሸከመውም እንስሳው እንስሳ ሆኖ ሲቆይ ነው። አንበሳውን የአንድን የታወቀ ሰው ኮት ማልበስ ተረቱን የዚያ ሰው ብቻ ስለሚያደርገው፣ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው አንበሳ ያመልጣል።

የጅማ ዝናብ የራሱ ምዕራፍ አለው። ዝናቡ ረጅም፣ አዳራሾቻችንም ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮ የተሸፈኑ በመሆናቸው፣ በክረምት የሚቀርብ ትርኢት የጦጢትን ዝምታ ያጣል። ስለዚህ ቀኑ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢያዝ ይመረጣል። መብራትም ሊጠፋ ስለሚችል ሥራው ያለ ማይክሮፎን እንዲሰማ ሆኖ ይለማመድ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ ያለ ኤሌክትሪክ ይደረግ። ድምፅ ማጉያ ሲኖር እርሱ ተጨማሪ ይሁን።

ከመጨረሻው ልምምድ በፊት ተረት ነጋሪዎቹ ተጋብዘው በፊት ወንበር ይቀመጡና ሥራውን ይዩት። የትራንስፖርታቸው ወጪ በቡድኑ ይሸፈን። አስተያየታቸውን በጭብጨባ መሐል መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ቡና ላይ፣ «እርስዎ ቢሆኑ ይህን ቦታ እንዴት ይሉት ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ ብዙውን ጊዜ ቦታውን ራሳቸው ያሉታል፤ ያም ይቀዳል። የሚሉት ከተደረሰው የተለየ ከሆነና ጊዜ ካለ ይስተካከል። እንደኔ እምነት ከባለሙያ ዳኛ ይልቅ ሥራውን የሚያጠራው ይህ ምሽት ነው።

መዝግቦ ማቆየት

ትርኢቱ ከቀረበ በኋላ ሙሉው ጽሑፍ ከግጥሙና ከዜማው ጋር ይቀመጥ። ኖታ የማይጽፍ ቡድን የቅኝቱን ድምፆች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥቶ ከእያንዳንዱ ቀለም በላይ ቁጥሩን መጻፍ፣ የከበሮውን ምት ደግሞ በቀላል ምልክት ማመልከት ይችላል፤ ከድምፅ ቅጂው ጋር ሲጣመር ሌላ ቡድን ያነብበዋል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና በጽሑፍ ወይም በቅጂ የተቀረጸ ሥራ ጥበቃ ያገኛል። ቡድኑ ግን የደረሰው ግጥሙን፣ ዜማውንና የመድረክ ቅርጹን እንጂ ተረቱን እንዳልሆነ በሽፋኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከስሩም ተረቱ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ቋንቋና ከማን እንደተሰማ፣ ተናጋሪው ስማቸው እንዲጠቀስ ከፈቀዱ ከነስማቸው ይስፈር። የመጀመሪያው የድምፅ ቅጂ አንድ ግልባጭ ለተረት ነጋሪው ቤተሰብ በሚሞሪ ካርድ ይሰጥ፤ ሌላው ከቡድኑ ጽሑፍ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ በኋላ ከሌላ ወረዳ የተለየ አነጋገር ሲገኝም ከእርሱ ጎን በሦስት ዓምድ ተጽፎ ይጨመር።